12 ቮልት የቤት መብራት አይደለም፦ ራሳችሁ ለሰራችሁት የሸራ ጀልባ ኤሌትሪክ እንዴት ይዘረጋል

ጣና ላይ ሸራ ያለው ጀልባ ራሴ እሰራለሁ ብሎ ሚነሳ ሰው መጀመሪያ ሚያስበው ስለ እንጨቱ ወይ ስለ ላሜራው ነው፣ ቀጥሎ ስለ ምሰሶው፣ ስለ ሸራው፣ ስለ ሞተሩ። ኤሌትሪኩ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው ሚታወሰው፣ ጀልባው ቀለም ከተቀባ በኋላ "እንግዲህ መብራት ይግባለት" ይባልና ሰፈር ውስጥ ቤት ሚዘረጋ ልጅ ይጠራል፣ ካልሆነም ከጋራዥ የመኪና ኤሌትሪሻን ይመጣል። ሁለቱም በሙያቸው ጎበዝ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ማንንም ላሳንስ አይደለም። ግን ጀልባ ቤትም አይደለም መኪናም አይደለም፣ ቤት ላይ ትክክል የሆነው ልምድ ጀልባ ላይ እሳት ያስነሳል፣ መኪና ላይ ትክክል የሆነው ደግሞ የጀልባውን ላሜራ ይበላዋል። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ ላስረዳ፣ ምክንያቱን ካወቃችሁ ራሳችሁ ብትዘረጉትም ለባለሙያ ብትሰጡትም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ከአንድ ነገር እንጀምር፣ እሱ ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ከሱ ነው ሚወጣው። ቤታችን ያለው 220 ቮልት ነው፣ ጀልባ ላይ ያለው 12 ቮልት። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ "12 ደግሞ ምን ይጎዳል" ይላል። ሰው አይነዝርም፣ እውነት ነው። ግን አንድ እቃ ሚፈልገው ጉልበት በዋት ነው ሚለካው፣ ዋት ደግሞ ቮልት በአምፔር ሲባዛ ነው፣ ስለዚህ ቮልቱ ባነሰ ቁጥር አምፔሩ ይጨምራል። 120 ዋት ሚበላ እቃ ቤት ውስጥ ግማሽ አምፔር ገደማ ይስባል፣ ያው 120 ዋት ጀልባ ላይ 10 አምፔር ይስባል። ሽቦ ሚያግለው አምፔሩ ነው፣ ቮልቱ አይደለም።

ከአዴት ባሕር ዳር ሚመጣ ጤፍ አስቡ። በአይሱዙ ከሆነ አንድ መኪና ይበቃል፣ በአህያ ከሆነ ግን ያንኑ ጤፍ ለማምጣት ብዙ አህያ ያስፈልጋል፣ መንገዱም ያን ሁሉ አህያ ሚያሳልፍ ሰፊ መሆን አለበት። ቮልት ማለት አንዱ ምን ያህል ይሸከማል ነው፣ አምፔር ስንት ናቸው ነው፣ ሽቦው መንገዱ ነው። ጀልባ ላይ ሁሌም በአህያ ነው ምናመጣው፣ ስለዚህ መንገዱን እናስፋ።

በቁጥር እንየው፣ ምክንያቱም በቁጥር ሲታይ ነው ሚደነግጠው ሰው። የመዳብ ሽቦ 1 ሜትር ርዝመትና 1 ስኩዌር ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ኤሌትሪኩን 0.0175 ኦም ገደማ ይቋቋማል፣ ኦም የመቋቋም መለኪያ ነው። ባትሪው ከኋላ ነው፣ እቃው ከፊት ነው እንበል፣ በመሀል 6 ሜትር። ኤሌትሪክ ሄዶ መመለስ ስላለበት ርዝመቱ 12 ሜትር ነው፣ ይሄን ደርሶ መልሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቤት ለሶኬት ምንዘረጋውን ሁለት ነጥብ አምስቱን ሽቦ ብንጠቀም 12 ሲባዛ በ0.0175 ሲካፈል ለ2.5፣ 0.084 ኦም ይሆናል። በ10 አምፔር ስናባዛው 0.84 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ከ12 ላይ 7 በመቶ። ቤት ውስጥ ያው ሽቦ በግማሽ አምፔር 0.05 ቮልት እንኳን አይሞላም ሚያጎድለው፣ ከ220 ላይ ማንም አያየውም። ባለ 6 ሽቦ ስናደርገው ግን ጉድለቱ ወደ 0.35 ቮልት ይወርዳል፣ 3 በመቶ አካባቢ፣ እሱ ጥሩ ነው።

ስለዚህ ሂሳቡን ገልብጣችሁ ተጠቀሙበት፦ አምፔር ሲባዛ በደርሶ መልስ ሜትር ሲባዛ በ0.0175 ሲካፈል ለምትፈቅዱት የቮልት ጉድለት፣ ሚወጣው ቁጥር የሽቦው ውፍረት ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ገበያ ላይ ያለውን ወፍራም ውሰዱ። ለፓምፕ፣ ለጉዞ መብራት፣ ለጂፒኤስና ለጥልቀት መለኪያ ከ3 በመቶ በላይ አትፍቀዱ፣ ያ ማለት 0.36 ቮልት ነው። ለውስጥ መብራት እስከ 10 በመቶ ቢሄድ ችግር የለውም፣ ኤልኢዲ ብዙም አይሰማውም። 0.84 ቮልት ትንሽ ይመስላል፣ ግን ባትሪው ራሱ ደክሞ 12 ላይ በወረደ ቀን ፓምፑ ጋ ሚደርሰው 11.16 ነው፣ ፓምፑ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ውሃው ደግሞ ቀስ ብሎ አይገባም።

ሽቦው ከወፈረ አይበቃም፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው መሆን አለበት። ቤት ግድግዳ ውስጥ ምንቀብረው አንድ ወጥ ሽቦ ሞተሩ ሲነሳና ማዕበሉ ሲመታ ውሎ አድሮ ከመታጠፊያው ላይ ይሰበራል፣ ከላይ ላስቲኩ ደህና ስለሚመስል የት እንደተሰበረ ማግኘት ራሱ መከራ ነው። ክሩ በቆርቆሮ የተለበጠ፣ ብርማ ሚመስለው ከተገኘ በጣም ጥሩ፣ ካልተገኘ ተራውን ባለ ብዙ ክር መዳብ ወስዶ ጫፉን በደንብ ማሸግ ነው። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም አለ፣ ከሩቅ መዳብ ይመስላል፣ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አርጋችሁ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዉት።

አሁን ወደ እቅዱ። ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ጀልባው ላይ በቀን ምን ምን እንደሚበራ ጻፉ፣ ዋቱን በሰዓት አባዙ፣ ዋት ሰዓት ይባላል። ለምሳሌ ከባሕር ዳር ተነስቶ ደቅ ደሴት ሚያድር፣ ወይ ሀይቁን አቋርጦ ጎርጎራ ሚሄድ ጀልባ እንውሰድ። የውስጥ መብራት ባለ 5 ዋት ሶስት አምፖል ለ4 ሰዓት 60፣ የጉዞ መብራት 6 ዋት ለ3 ሰዓት 18፣ የማደሪያ መብራት 2 ዋት ብቻ ነው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይበራል፣ እኛ አገር ደግሞ ሌሊቱ ክረምት ከበጋ ወደ 12 ሰዓት ስለሆነ 24። አራት ስልክ ቻርጅ ለማድረግ 60፣ ጂፒኤስና ጥልቀት መለኪያ 10 ዋት ለ6 ሰዓት 60፣ ቴፕ ወይ ስፒከር 15 ዋት ለ4 ሰዓት 60፣ ፓምፑ ሩብ ሰዓት ቢሰራ 9። ድምሩ 290 አካባቢ ነው። አሁን "ትንሽ ፍሪጅ ትግባ" በሉ፣ 45 ዋት ሆና ከቀኑ ግማሹን ብትሰራ 540 ብቻዋን ትበላለች፣ ድምሩ ወደ 830 ዘለለ። አንድ ፍሪጅ ከሌላው ሁሉ ተደምሮ ሁለት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ለዛ ነው መጀመሪያ ወረቀት ምለው፣ ምን እንደምትፈልጉ ሳይሆን ምን ምን እንደምትተዉ ሚያሳያችሁ እሱ ነው።

ማሞቂያ ነገር ደግሞ ጭራሽ አታስቡ። 1500 ዋት የሻይ ማፍያ 10 ደቂቃ ቢሰራ 250 ዋት ሰዓት ይወስዳል፣ ያ ማለት አንድ ጊዜ ውሃ ለማፍላት የቀኑን መብራት ሁሉ ሊያሟጥጥ ነው፣ በዛ ላይ 12ቱን ወደ 220 በሚቀይረው ኢንቨርተር በኩል ከባትሪው 150 አምፔር ገደማ ይስባል። ቡናው በከሰል ወይ በቡታጋዝ ይፈላ፣ ያውም ዳርቻ ላይ ወርዳችሁ ቢሆን ይሻላል።

ባትሪው ከዚህ ወረቀት ነው ሚወጣው። ፀሀይ ሳትወጣ ሁለት ቀን ያቆየኝ ብላችሁ ካሰባችሁ 290 ሲባዛ በ2፣ 580 ዋት ሰዓት። የአሲድ ባትሪ ወይም ጄል ባትሪ ከግማሽ በታች ባወረዳችሁት ቁጥር ዕድሜው ስለሚያጥር በእጥፍ ትገዛላችሁ፣ 1160፣ ለ12 ሲካፈል 97፣ ስለዚህ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ 80 በመቶውን መጠቀም ስለሚቻል 60 አምፔር ሰዓት ገደማ ይበቃል፣ ክብደቱም በጣም ያንሳል፣ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ሲሆን ያው ሊቲየም 12 ኪሎ አካባቢ ነው። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግም ይባላል፣ ባሕር ዳር ላይ ይሄ አያሳስባችሁም። ዋጋው ግን ያሳስባል፣ ያንን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ከመኪና የወጣ ባትሪ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው እሱን ያስገባል። የመኪና ባትሪ ለአንድ አፍታ ትልቅ ጉልበት ሰጥቶ ሞተር ለማስነሳት የተሰራ ነው፣ ውስጡ ያሉት ሰሌዳዎች ቀጭን ናቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲሟጠጥ ቶሎ ይሞታል። ሞተር ማስነሻ ካላችሁ ለሱ ለብቻው አድርጉት፣ ለመብራቱ ለሶላር የተሰራውን ግዙ። ባትሪው የትም ይሁን የት በቀበቶ ይታሰር፣ ሸራ ያለው ጀልባ በነፋስ ይዘማል፣ ያልታሰረ 30 ኪሎ ባትሪ ተንሸራቶ ሰው እግር ላይ ይወድቃል ወይ አሲዱን ይደፋል። የአሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሀይድሮጅን ስለሚያወጣ ያለበት ሳጥን ከላይ በኩል አየር ማስወጫ ይኑረው፣ ሀይድሮጅን ወደ ላይ ነው ሚሄደው።

ባትሪው ምን ያህል እንደሞላ በቴስተር ማወቅ ትችላላችሁ፣ የአሲድ ባትሪ ለጥቂት ሰዓት አርፎ 12.7 ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 አካባቢ ግማሽ ነው፣ ከዛ በታች ከሆነ አጥፉና ቻርጅ አድርጉ። ሊቲየም ላይ ግን ይሄ አይሰራም፣ ቮልቱ እስከ መጨረሻው ብዙም ስለማይወርድ ሙሉ መስሏችሁ ድንገት ይጠፋል፣ ለሱ የገባና የወጣውን ሚቆጥር መለኪያ ያስፈልገዋል።

ሶላሩ ላይ አገራችን እድለኛ ነች፣ በጋ ላይ 100 ዋት ፓነል ጠፍጣፋ ተኝቶ እንኳን በቀን 350 እስከ 400 ዋት ሰዓት ይሰጣል ብላችሁ ብታስቡ አትሳሳቱም፣ ከምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ማዘንበሉ ያን ያህል አያስጨንቅም። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ግማሹን ብቻ ቁጠሩ። ስለዚህ ለ290ው ጀልባ በጋ ላይ 100 ዋት ይበቃል፣ ክረምትም ሚወጣ ከሆነ 200 ዋት አድርጉት።

ሸራ ያለው ጀልባ ላይ ግን አንድ የራሱ ችግር አለ፣ ጥላ። ፓነል ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክፍሎች ተከታትለው የታሰሩ ስለሆነ ከነሱ አንዱ ላይ የምሰሶው ወይ የገመዱ ጥላ ቢያርፍ የሱ ብቻ አይደለም ሚቀንሰው፣ የጎረቤቶቹም አብሮ ይወድቃል። አንድ ትልቅ ፓነል ከማስቀመጥ ሁለት ትንንሽ በግራና በቀኝ አድርጎ ጎን ለጎን (ፓራለል፣ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ) ማገናኘት ይሻላል፣ ሸራው አንዱን ሲጋርደው ሌላው ይሰራል። ከኋላ በኩል ከመሪው በላይ በብረት ፍሬም ላይ ማስቀመጥ ከሁሉም ይሻላል ባይ ነኝ፣ ጥላም ለሰው ይሆናል። ከፓነሉ ወደ ባትሪው ሚገባውን ሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር ሁለት አይነት ነው። ርካሹ ፒደብሊውኤም ሚባለው ፓነሉን ወደ ባትሪው ቮልት ስለሚጎትተው ከ100 ዋቱ 70 አካባቢውን ነው ምታገኙት፣ ኤምፒፒቲው ወደ 95 ያደርሳችኋል። ሁለቱም ላይ መጀመሪያ ባትሪውን ታገናኛላችሁ፣ ከዛ ፓነሉን፣ ስትፈቱ በተቃራኒው። ይሄን ቅደም ተከተል ገልብጠው ብዙ ኮንትሮለር ያቃጥላሉ።

አሁን ወደ ፊውዝ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ጀልባ ሚያቃጥለው እዚህ ጋ ያለ ስህተት ነው። 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሁለቱ ጫፎቹ በቀጥታ ቢገናኙ ከ1000 አምፔር በላይ ሊያፈስ ይችላል፣ ካቻቢቴ ቢወድቅበት ካቻቢቴው እሳት ይተፋል። ቤት ውስጥ ከቆጣሪው ስር ብሬከር አለ፣ ባትሪ ላይ ግን እናንተ ካላስገባችሁ ምንም ሚያቆመው የለም። ሽቦው ላሜራ ላይ እየተፋተገ ላስቲኩ አንድ ቀን ሲበሳ ያ ሁሉ አምፔር በሽቦው ውስጥ ያልፋል፣ ሽቦው ይቀላል፣ አጠገቡ ያለው እንጨት ወይ ቤንዚን ይያያዛል፣ መሀል ሀይቅ ላይ ደግሞ ሮጦ ሚወጣበት የለም።

ፊውዝ ሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ እቃውን አይደለም። ብዙ ሰው ግን "ፓምፑ 3 አምፔር ነው፣ ፊውዙን ፓምፑ ጋ ላድርገው" ብሎ ከፓምፑ አጠገብ ያስቀምጠዋል፣ ከባትሪው እስከዛ ያለው 6 ሜትር ሽቦ ያለ ጠባቂ ቀረ። ፊውዝ ቦታው ባትሪው አጠገብ ነው፣ ከፖዘቲቩ ጫፍ 20 ሳንቲም ሳይርቅ። ከሶላር ኮንትሮለሩ ወደ ባትሪ ሚመጣው ሽቦም ፊውዙ ባትሪው በኩል ነው፣ አደገኛው ጉልበት ያለው ባትሪው ጋ ስለሆነ። መጠኑም ከሽቦው ነው ሚታየው፦ 1.5 ሽቦ ላይ ከ10 አምፔር አትለፉ፣ 2.5 ላይ 15፣ ባለ 6 ላይ 30፣ እነዚህ ቁጥሮች ሆን ብዬ ዝቅ ያረኳቸው ናቸው፣ ጀልባ ውስጥ ሽቦዎች ታስረው ሙቀት ስለሚያጠራቅሙ። ሊቲየም ባትሪ ካላችሁ ዋናው ፊውዝ ክላስ ቲ ሚባለው ይሁን፣ የመኪናው አይነት ፊውዝ የሊቲየሙን ጉልበት ማቆም ላይችል ይችላል። ፊውዝ ሲበጠስ ደግሞ እባካችሁ በሲጋራ ወረቀት ወይ በሽቦ ቁራጭ አትሰሩት፣ ለምን እንደተበጠሰ ፈልጉ።

ከዋናው ፊውዝ ቀጥሎ ሁሉንም ሚያጠፋ ዋና ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከዛ ወደ ፊውዝ ሰሌዳው፣ ከዛ እያንዳንዱ እቃ በየራሱ ትንሽ ፊውዝ። ከዚህ ደንብ ውጪ ሚሆነው አንድ ብቻ ነው፣ ውሃ ማውጫው ፓምፕ። እሱ በራሱ ፊውዝ ከባትሪው በቀጥታ ይያዝ፣ ከዋናው ማጥፊያ በፊት፣ ምክንያቱም ጀልባውን አስራችሁ ሁሉንም አጥፍታችሁ ቤት ስትገቡ ነው ዝናቡ ሚሞላው። ውሃው ሲነካው ራሱ ሚያበራ ተንሳፋፊ ስዊች አድርጉለት፣ ከሱ ጋር ደግሞ በእጅ ምታበሩበት ሌላ ስዊች። ሸራ ላይ ስትሄዱ ጀልባው ስለሚያጋድል የፓምፑ መውጫ ቀዳዳ ከውሃው በታች ሊገባና ውሃው ተመልሶ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል፣ ስለዚህ ቱቦው መጀመሪያ ከፍ ብሎ ዞሮ ይውጣ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ አየር ማስገቢያ ይኑር። ማጣሪያውን ደግሞ እንዳትዘነጉ፣ ስትሰሩ የቀረ የእንጨት ፍቅፋቂ እና የእምቦጭ ስር አንድ ላይ ሲሆኑ ፓምፕ አያስተርፉም።

ፓምፑን ግን አትመኑት። በሰዓት 1900 ሊትር ሚል የተጻፈበት ትንሽ ፓምፕ ቱቦው ወደ ላይ ሲወጣ ከዛ በታች ነው ሚሰጠው፣ ከውሃው መስመር 30 ሳንቲም በታች ያለ 2.5 ሳንቲም ስፋት ያለው ቀዳዳ ደግሞ በደቂቃ ከ40 ሊትር በላይ ያስገባል፣ በሰዓት ስታባዙት ፓምፑን ይበልጠዋል። ስለዚህ ጆንያና ጨርቅ ለመወተፊያ፣ ባልዲ ለመቅጃ ሁልጊዜ አብሮ ይኑር።

ሽቦ ማገናኘቱን ልንገራችሁ፣ ጀልባ ላይ ኤሌትሪክ አብዛኛውን ጊዜ ሚበላሸው መገናኛው ላይ ነው። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ቤት ላይ ያልፋል፣ ጀልባ ላይ ናስትሮው በሙቀቱ ይለቃል፣ እርጥበት ይገባል፣ ከጊዜ በኋላ ስትፈቱት መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ቴስተር ስታስገቡ 12 ያሳያል መብራቱ ግን አይበራም፣ ምክንያቱም ያ አረንጓዴ ነገር ቮልት ያሳልፋል አምፔር ግን አያሳልፍም። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ላስቲኩን 7 ወይ 8 ሚሊሜትር ትገፋላችሁ፣ ክሮቹ እንዳይቆረጡ፣ ለሽቦው ልክ የሆነ ተርሚናል ውስጥ እስከ መጨረሻው ታስገባላችሁ፣ በመጭመቂያው ፒንሳ ክሊክ እስኪል ትጨምቃላችሁ፣ ተራ ፒንሳ አይሆንም፣ ከዛ በእጃችሁ በደንብ ሳቡት፣ ከወጣ እንኳንም አሁን ወጣ። በላዩ ላይ ሲሞቅ ሚጣበቅ፣ ውስጡ ማስቲሽ ያለው ላስቲክ ታለብሱና በእሳት ታሞቁታላችሁ፣ ማስቲሹ በጫፉ በኩል ጠብ ሲል ሲታይ ታሽጓል ማለት ነው። በካውያ መበየድ ብቻውን አይመከርም፣ የተበየደው ቦታ ደረቅ ስለሚሆን ከጫፉ ላይ በንቅናቄ ይሰበራል፣ ሽቦው ሲግል ደግሞ ብየዳው ይቀልጣል። ሽቦዎቹን ከጀልባው ሆድ ከፍ አርጋችሁ አሳልፉ፣ በየ45 ሳንቲሙ እሰሩ፣ በላሜራ ቀዳዳ ሚያልፈውን ላስቲክ አልብሱ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ስም ጻፉበት። ፖዘቲቩን ቀይ፣ ኔጋቲቩን ቢጫ ብታረጉት ጥሩ ነው፣ ጥቁር ከቤት ሽቦ ጋር ያምታታል።

አሁን ለመኪና ኤሌትሪሻኑ። መኪና ላይ ኔጋቲቩ ሻንሲው ነው፣ አንድ ሽቦ ብቻ ይሄዳል፣ በቦዲው ይመለሳል። የላሜራ ጀልባ ላይ ይሄን ማድረግ ክልክል ነው ብላችሁ ያዙት። ውሃ ውስጥ ያለ ብረት በራሱ ውስጥ ኤሌትሪክ እየተመላለሰበት ከዋለ ብረቱ ይበላል፣ ዝገት በዓመታት ሚሰራውን እሱ በጣም ባጠረ ጊዜ ይሰራዋል፣ ቀዳዳውም ከውሃው በታች ነው ሚወጣው። እያንዳንዱ እቃ ሁለት ሽቦ ይኑረው፣ ሄዶ ሚመለስ፣ ኔጋቲቮቹ ሁሉ አንድ የመዳብ ዘንግ ላይ ይሰብሰቡ። ሞተሩ ወይ ዘንጉ ላይ ሚታሰረው፣ በነሱ ፋንታ ሚበላው መስዋዕት ብረት ደግሞ ለጣና ማግኒዚየም ይሁን። ብዙ ሞተር ለባህር ተብሎ ከዚንክ ጋር ነው ሚመጣው፣ ዚንክ ጨው በሌለው ውሃ ላይ ፊቱ ይደነድንና መስራት ያቆማል፣ ስታዩት ስላልተበላ ደህና ይመስላችኋል፣ በሱ ፋንታ እየተበላ ያለው ሞተሩ ነው።

ጨው በሌለው ውሃ ላይ ከሁሉም በላይ ምፈራው ግን 220ውን ነው። የጨው ውሃ ኤሌትሪክ በደንብ ስለሚያሳልፍ ያመለጠው ኤሌትሪክ ሚዋኘውን ሰው ትቶ በውሃው ይሄዳል፣ የጣና አይነት ውሃ ግን ከሰው ገላ ያነሰ ነው ሚያሳልፈው፣ ስለዚህ አጠገቡ ሚዋኝ ሰው ካለ በሰውየው ውስጥ ማለፍ ይቀለዋል። ሰውየው ባይሞት እንኳን ጡንቻው ይያዝና መዋኘት ያቅተዋል፣ ከላይ ለሚያየው ዝም ብሎ የሰጠመ ነው ሚመስለው። ዳርቻ ላይ ከሚገኝ ቤት ወይ ሆቴል በኤክስቴንሽን መስመር ስቦ ጀልባ ላይ መበየድ ወይ ቻርጅ ማድረግ የተለመደ ነገር ነው፣ ልጆች ደግሞ እዛው ይዋኛሉ። 220 ወደ ጀልባው ከመጣ መስመሩ 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ ሚቆርጥ ብሬከርና የሚሰራ ኧርዝ ይኑረው፣ መስመሩ እስኪነቀል ድረስ ማንም ውሃ ውስጥ አይግባ። ቻርጀሩን ዳርቻ ላይ አድርጎ 12ቱን ብቻ ወደ ጀልባ ማምጣት ከሁሉም ይቀላል። ኢንቨርተር ግዴታ ከሆነባችሁ ትንሽ ይሁን፣ 1000 ዋቱ እንኳን ሙሉ ሲሰራ ወደ 100 አምፔር ስለሚስብ ባለ 35 ኬብል አጭር አርጎ ይፈልጋል።

መብረቅ። ክረምት ላይ ጣና ላይ ነጎድጓዱን ሚያውቅ ያውቀዋል፣ እና ጠፍጣፋ ውሃ ላይ ከፍ ያለው ነገር የእናንተ ምሰሶ ነው። የባህር ዛፍ ምሰሶ ካቆማችሁ እንጨት ስለሆነ አይመታም ማለት አይደለም፣ እርጥብ እንጨት ሲመታ ይሰነጠቃል። ከጫፉ ላይ የመዳብ ሹል አድርጋችሁ ቢያንስ 20 ስኩዌር ሚሊሜትር ኬብል በተቻለ መጠን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውሃው አውርዱት። የባህር ጀልባ ላይ 30 በ30 ሳንቲም ሚሆን የመዳብ ሰሌዳ ከሆዱ ስር ይበቃል ይባላል፣ ጨው የሌለው ውሃ ግን በደንብ ስለማያሳልፍ ያ አይበቃም፣ ሰፋ ያለ ሰሌዳ ወይም በጀልባው ርዝመት ሚሄድ የመዳብ ጥብጣብ ያስፈልጋል። የላሜራ ጀልባ ከሆነ ላሜራው ራሱ ያን ስራ ይሰራል፣ ኬብሉን ከሱ ጋር በደንብ ማሰር ነው። ይሄም ሆኖ ከሁሉም ሚሻለው ደመናው ከመጥቆሩ በፊት ወደ ዳር መውጣት ነው፣ ካልደረሳችሁ ከምሰሶውና ከገመዶቹ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ።

የጉዞ መብራቱ በአለም አቀፍ ደንብ የታወቀ ነው፣ በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ ከኋላ ነጭ፣ ሞተር ስታስነሱ ደግሞ ምሰሶው ላይ ወደ ፊት ነጭ ይጨመራል። ስታድሩ ከዙሪያ ሁሉ ሚታይ አንድ ነጭ። የምሰሶውን ሽቦ ምሰሶው ሳይቆም መሬት ላይ ተኝቶ እያለ ዘርጉት፣ አንድ ትርፍ ሲባጎም አብራችሁ አሳልፉ፣ ሌላ ቀን ሌላ ሽቦ መጎተቻ ይሆናችኋል። ሌሊት ዓሣ ሊያጠምዱ ደንገል ታንኳ ላይ ሚወጡት ሰዎች መብራት የላቸውም ብላችሁ አስቡ፣ ስለዚህ እናንተ ናችሁ መታየትም ማየትም ያለባችሁ፣ አንድ ጥሩ የእጅ ባትሪ መሪው አጠገብ ይቀመጥ።

ሁሉም አልቆ ባትሪው ከመግባቱ በፊት ሁሉንም ስዊች አጥፍታችሁ በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ መሀል በቴስተር ኦም ለኩ፣ ዜሮ አካባቢ ካሳየ የሆነ ቦታ ተገናኝቷል። ቀጥሎ ዋናው ፊውዝ ሚገባበት ቦታ ላይ ባለ 21 ዋት የመኪና አምፖል በጊዜያዊነት አስገቡና ባትሪውን አገናኙ። አምፖሉ ደምቆ ከበራ ሾርት አለ፣ ግን አምፖሉ ከ2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ምንም አይቃጠልም፣ ተረጋግታችሁ ትፈልጋላችሁ። ጭል ጭል ካላለ ፊውዙን መልሱ። ከዛ እያንዳንዱን እቃ እያበራችሁ ባትሪው ጋ ስንት ቮልት፣ እቃው ጋ ስንት ቮልት ብላችሁ ለኩ፣ እቃው እየሰራ እያለ ነው ሚለካው፣ ጠፍቶ ከለካችሁ ሁሉም ደህና ነው ሚመስለው። ባትሪው ጋ 12.5፣ ፓምፑ ጋ 11.4 ካገኛችሁ ሽቦው ቀጥኗል ወይ አንዱ መገናኛ በደንብ አልተጨመቀም፣ ከባትሪው ጀምራችሁ መገናኛ በመገናኛ ለኩ፣ ቮልቱ ድንገት ሚወርድበት ቦታ ላይ ነው ችግሩ። መጨረሻ ላይ በባልዲ ውሃ ጀልባው ሆድ ውስጥ ድፉና ተንሳፋፊው ራሱ አስነስቶ ራሱ እስኪያጠፋ ቆማችሁ እዩት፣ የሽቦውን ስዕል በላስቲክ ሸፍናችሁ ከፊውዝ ሰሌዳው በር ጀርባ ለጥፉ፣ በየዓመቱ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ተርሚናሎቹን እየሳባችሁ ፈትሹ።